ከዝርዝሩ ውጭ ማንም አይግባ

ይህን ጽሑፍ መጀመሪያ የከፈትኩት «ኮንሰርት ማለት ምን ማለት ነው?» በሚል ንዑስ ርዕስ ነበር። አንድ ገጽ ተኩል ሞላሁ፤ ርዕሱን በማስመሪያ አሰመርኩበት፤ ከዚያ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ከጎኔ ለምትቀመጠው ለሆዳን ሰጠኋት። ሆዳን የሶማሊኛ ቋንቋ መምህርት ናት፤ ሰው ማሞገስ በጣም ይከብዳታል። አነበበችው። አራት ቦታ አጠፈችውና ከሚወዛወዘው ጠረጴዛዋ እግር ሥር ሸጎጠችው። ጠረጴዛውን ነቅነቅ አድርጋ ሞከረችና «አሁን ጥሩ ጽሑፍ ሆነ» አለችኝ።

ስለዚህ ኮንሰርት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ ብዬ እቀጥላለሁ።

እኔ የዘጠነኛ ክፍል የሒሳብ መምህር ነኝ። ከደብረ ብርሃን ጅግጅጋ ተመድቤ ስመጣ የያዝኩት አንድ ሻንጣ፣ ሁለት ጃኬትና ብዙ ሥርዓት ነበር። ጃኬቶቹን እዚህ የሚፈልጋቸው አላገኘሁም። ሥርዓቱን ግን በየቀኑ እለብሰዋለሁ። ጠመኔዎቼ በቀለማቸው ተለያይተው ነው የሚቀመጡት። ቁርስ ልበላ ስወጣ እንኳ በልቤ «የዕለቱ ዓላማ» እላለሁ። ማስረዳት ደግሞ እወዳለሁ። የባጃጅ ሹፌር መንገድ ሲሳሳት መንገዱን ብቻ አላሳየውም፤ ለምን እንደተሳሳተም አስረዳዋለሁ። ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ ጥለውኝ ሄደዋል።

በከተማው ውስጥ የሙዚቃ ወዳጆች የቴሌግራም ቡድን አለን። አርባ ገደማ ነን። መምህር አለ፣ የቢሮ ሠራተኛ አለ፣ ከአውበሬ ከተማ የሚጽፍ ባለሱቅም አለ። ሥራችን ሁለት ነው፤ ያለፈውን ኮንሰርት ማውራትና የሚመጣውን መጠበቅ። አንዱ ድሬዳዋ ሄዶ ኮንሰርት አይቶ ሲመለስ ለአንድ ሳምንት ድምፁ ይዘጋና በጽሑፍ ብቻ ያወራናል። ሌላው የቀረጸውን ቪዲዮ ይልካል። ሆዳን አንድ ቀን እንዲህ ዓይነት ቪዲዮ አሳየችኝ። አራት ደቂቃ ሙሉ የሚታየው የአዳራሹ ጣሪያና የአንዲት ሴት ክርን ነው።

«ዘፋኙ የታለ?» አልኳት።

«እየዘለልኩ ነው የቀረጽኩት። አንተ ዝም ብለህ ድምፁን ስማ።»

«ስትቀርጪ ክንድሽን ከደረትሽ ጋር ብታጣብቂው ኖሮ...»

«እሱን ለተማሪዎችህ አስረዳ» አለችና ስልኩን ነጠቀችኝ።

እውነቱን ልናገር። በቡድኑ ውስጥ ስለ ኮንሰርት ከሁሉም በላይ የምጽፈው እኔ ነበርኩ፤ በሕይወቴ ያየሁት ግን አንድ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ተማሪ ሳለሁ ገብቼ፣ ከፊቴ የቆመ ሰውዬ ባለ መስመር ሸሚዙን ለሦስት ሰዓት አሳየኝ። አሥራ ሰባት መስመር ነበረው። ዘፋኙ ምን እንደለበሰ እስካሁን አላውቅም። ይህ ግን ስለ መድረክ ብርሃን፣ ስለ ድምፅ ማጉያ አቀማመጥና ስለ ጭብጨባ ዓይነቶች ረጃጅም ማብራሪያ ከመጻፍ አላገደኝም። ሰዎቹ በትዕግሥት አውራ ጣት ይልኩልኛል።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ሆዳን ወደ ማረፊያ ክፍሉ ስትገባ ቦርሳዋ ከአንድ ትከሻዋ ተንሸራቶ መሬት ይጎተት ነበር።

«ልትመጣ ነው! ዋላሂ ልትመጣ ነው! ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ አዳራሹ ውስጥ!»

ማን እንደሆነች አልጠየቅኩም፤ ሆዳንን እንዲህ የምታስጮህ አንዲት ሰው ብቻ ናት። ለብዙ ዓመታት ውጭ አገር የኖረች አንጋፋ ዘፋኝ ናት። እዚህ ሰው ሁሉ «ኤዶ» ይላታል፤ አክስቴ እንደማለት ነው። ዘፈኗን የማያውቅ ሻይ ቤት ጅግጅጋ ውስጥ የለም። መግቢያው በነጻ ነው፤ ነገር ግን አዳራሹ ትንሽ ስለሆነ ቦታ የሚሰጠው ለየማኅበሩ በስም ዝርዝር ብቻ ነው። ለእኛ ቡድን አርባ ወንበር ደርሶናል። አንድ ሰው ዝርዝሩን አዘጋጅቶ ለአዳራሹ ማስገባት አለበት።

አንድ ሰው! እጄን ያወጣሁት ሆዳን ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ነው።

በዚያው ቀን ለቡድኑ «የተመዝጋቢዎች መመሪያ» ላክሁ። ሦስት ገጽ ነበር። ስለ ሰዓት አከባበር፣ ስለ አለባበስ፣ ጭብጨባ መቼ እንደሚጀመርና መቼ እንደሚቆም ያብራራል። ከሁሉ የምኮራበት ተራ ቁጥር አራት ነበር፤ «ቅጽል ስም መጻፍ የሰውን ክብር ስለሚነካ በጥብቅ የተከለከለ ነው። ስም ከነአባትና ከነአያት ብቻ ይጻፍ።»

ይህን ላስረዳ። ጅግጅጋ ውስጥ ቅጽል ስም የሌለው ሰው የለም፤ ቅጽል ስሙም ሰው የሚሸሽገውን ነገር ነው በአደባባይ የሚያወጣው። የዩኒት መሪያችን መሐመድ ራሱ ላይ ፀጉር ስለሌለ «ቢዳር» ይባላል፤ መላጣው ማለት ነው። ሰዎች በሩ ላይ ቆመው «ቢዳር!» ብለው ሲጠሩት ፈገግ ብሎ ይወጣል። እኔ ባደግኩበት ከተማ አለቃን እንዲህ ብሎ የጠራ ሰው ጉዳዩ በሽማግሌ ነው የሚያልቀው። ስለዚህ በጨዋነት ጣልቃ ገባሁ። ስማቸውን ከነቅጽሉ የላኩትን ሁሉ «በመመሪያው መሠረት ይስተካከል» ብዬ መለስኩባቸው።

«ተው፣ ቅጽል ስሙን አታውጣ» አለችኝ ሆዳን። «እዚህ ሰው የሚለየው በሱ ነው።»

«ሦስት ስም አለው እኮ። በሦስት ስም ያልተለየ በምን ይለያል?»

«ያልኩህን ያዝ።»

ያለችኝን አልያዝኩም። አምስት ወር ሙሉ እዚህ አስተምረህ እንዴት ይህን አላወቅህም እንዳትሉኝ፤ ክፍል ውስጥ የተማሪዎቼን ስም ስጠራ አጠራሬ ስለሚያስቃቸው ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ የምጠራቸው በተራ ቁጥር ነበር። ሃያ ሦስት ቁጥርን አሳምሬ አውቀዋለሁ። ስሙን አላውቀውም።

ሐሙስ ጠዋት የትምህርት ቤታችን ዘበኛ አዴር መሐመድ ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። «አዴር» አጎቴ ማለት ነው፤ በዕድሜ ለገፋ ሰው የሚባል ነው። በር ይጠብቃሉ፣ ደወል ይደውላሉ፤ የሚደውሉትም ከእኔ ሰዓት ሁለት ደቂቃ ዘግይተው ስለሆነ በወር ሁለቴ እየሄድኩ አስረዳቸው ነበር። ያን ቀን ግን ቆባቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል።

«መምህር፣ የእኔንም ስም ጻፍ።»

«አዴር፣ እርስዎም ኮንሰርት ይወዳሉ?»

«ኮንሰርት አላውቅም። እሷን ነው የማውቀው።»

ወጣት ሳሉ ሀርሺን ከተማ የከብት ደላላ ነበሩ። በገበያው ዳር አንድ ሻይ ቤት ነበር፤ ሻይ ቤቱ ሬዲዮ ነበረው። የእሷ ዘፈን በሚመጣበት ሰዓት የገዢና የሻጭ ድርድር አቋርጠው እንደሚሮጡ ነገሩኝ። አንድ ቀን እሳቸው ዘፈኑን ሲሰሙ ገዢውም ሻጩም ተስማምተው ያለ ደላላ ተለያይተዋል።

«ድምጿን አርባ ዓመት ሰማሁ» አሉ። «ፊቷን ግን አንድ ቀን አላየሁም። ሬዲዮ ፊት የለውም።»

«ፎቶዋ ሞልቷል፤ አሁን በስልኬ ላሳይዎት» ብዬ ስልኬን አወጣሁ።

አዴር መሐመድ ዓይናቸውን በቆባቸው ሸፈኑ። የምሬን ነው፤ ፊታቸውን በሙሉ ሸፈኑ።

«አታሳየኝ! አርባ ዓመት ጠብቄ በስልክ አላይም። ቅዳሜ ራሷን ነው የማየው። ጻፍ፤ መሐመድ አብዲ አህመድ፣ ሺምቢር።»

ሺምቢር ወፍ ማለት ነው። በወጣትነታቸው ያፏጩ ስለነበር ነው አሉ። እኔ ግን ሽበታም ሰው ወፍ ተብሎ መጻፉ አልዋጥ ስላለኝ፣ በትሕትና ስማቸውን ብቻ ጻፍኩ።

አሁን ወደ ጥፋቴ እየደረስን ነው። ከሰዓት በኋላ ባዶ ክፍለ ጊዜ ነበረኝ። ዝርዝሩን በፊደል ተራ ልገለብጥ ቁጭ አልኩ። በዚያ ሳምንት ለዘጠነኛ ክፍል የማስተምረው ስለ ስብስብ ነበር። ያመለጣችሁ ካላችሁ ሕጉ ቀላል ነው፤ በአንድ ስብስብ ውስጥ ያው አባል ተደጋግሞ ቢጻፍ የሚቆጠረው አንድ ጊዜ ነው። ይህን በዚያው ጠዋት ሰሌዳ ላይ ጽፌ በቀይ ጠመኔ ከብቤዋለሁ።

ዝርዝሩን ሳይ ምን አገኘሁ? መሐመድ አብዲ አህመድ ሦስት ጊዜ። አሚና ኢብራሂም ኑር ሁለት ጊዜ። አብዲ ሀሰን አሊ ሁለት ጊዜ።

ፈገግ አልኩ። «አይ ጉጉት!» አልኩ ለራሴ። ሰዎቹ ቦታ እንዳያመልጣቸው ፈርተው ደጋግመው የተመዘገቡ መሰለኝ። አዴር መሐመድ በተለይ፣ ከፍቅራቸው ብዛት በሌላ ሰው ስልክ ሁለት ጊዜ ያስላኩ መስሎኝ አንጀቴን በሉት። ማስመሪያዬን አስደግፌ፣ ቀጥ ባለ መስመር፣ የተደጋገሙትን ሰረዝኩ። አርባው ሠላሳ ስድስት ሆነ። በሥራዬ ረካሁ። ሻይ ጠጣሁ።

በዚህ ባበቃ ደግ ነበር። እኔ ግን ለቡድኑ «ባደረግኩት ማጣራት አራት ትርፍ ወንበር ተገኝቷል» ብዬ አበሰርኩ። መልእክቱን እንዴት እንደሰሙት እንጃ፣ ሀርሺን የሚያስተምሩ አራት መምህራን ወዲያው ስማቸውን ላኩ። ጻፍኳቸው። በድምፅ መልእክት እየተቀባበሉ እየዘፈኑ አመሰገኑኝ። ቸርነት ምን ያህል ደስ እንደሚያሰኝ ያወቅኩት ያን ቀን ነው፤ በተለይ የሚሰጠው ነገር የሌላ ሰው ሲሆን።

ዝርዝሩን የላክሁት ከሸኚ ደብዳቤ ጋር ነው። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፤ «ከዝርዝሩ ውጭ ማንም አይግባ፤ አስተባባሪው ራሱ ቢለምን እንኳ።»

«ይሄ የመጨረሻው ለምን አስፈለገ?» አለች ሆዳን።

«ጥብቅነቴን ያሳያል።»

«ለማን?»

ዓረፍተ ነገሩ ያምር ነበር።

ቅዳሜ በሰባት ሰዓት አዳራሹ በር ላይ ነበርኩ። የእኛን ወንበሮች በሙሉ ስም ለጠፍኩባቸው። ከፊት ረድፍ አንደኛው ላይ የለጠፍኩት የራሴን ስም ነው፤ አስተባባሪ ተራ ቁጥር አንድ መሆኑ የታወቀ ነው። ዛሬ ከፊቴ ባለ መስመር ሸሚዝ የሚቆምበት ቦታ አልነበረም። ከዚያ ወጥቼ ከበር ጠባቂው ከጉሌድ አጠገብ ቆምኩ። ጉሌድ ትከሻው በሩን የሚያህል፣ ሳቁን ከንፈሩ ላይ ይዞ የሚያስቀር ሰው ነው። ዝርዝሩን ተቀብሎ ረጅም ጊዜ አየው።

«መምህር፣ ይሄ የጅግጅጋ ሰው ዝርዝር ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ጥሩ» አለ። ጥሩ ሲል ግን ድምፁ ጥሩ አልነበረም።

መጀመሪያ የሀርሺኖቹ አራት መምህራን መጡ፤ አቧራ ለብሰው፣ ደስታ ለብሰው። አቀፉኝ። ገቡ። ሆዳን መጣች፤ ገባች። ቢዳር ሽቶ ተቀብቶ መጣ፤ «መሐመድ አብዲ አህመድ» አለ፤ ጉሌድ ምልክት አደረገ፤ ገባ። እስከዚህ ድረስ ሕይወቴ የተስተካከለ ነበር።

ከዚያ አንድ በጣም ረጅም ሰው መጣ። የአውበሬው ባለሱቅ ነው፤ በአካል አይቼው አላውቅም።

«ስም?» አለ ጉሌድ።

«መሐመድ አብዲ አህመድ።»

«ገብቷል።»

«ማን ነው የገባው?»

«መሐመድ አብዲ አህመድ።»

«እኔ እዚህ ቆሜ?»

እኔ ጣልቃ ገባሁ። «ይቅርታ፣ ምናልባት ሁለት ጊዜ ተመዝግበው እንዳይሆን?»

ሰውዬው ከላይ ወደ ታች አየኝ፤ ለማየት ብዙ መንገድ ነበረው። «ዋርያ፣ አንተ ሰው፣ እኔ አንድ ጊዜ ነው የተወለድኩት፤ አንድ ጊዜ ነው የተመዘገብኩት። ዴሬ ብዬ ጽፌ ልኬልህ፣ አስተካክል ብለህ መለስክብኝ። አንተ ነህ እንዴ ያ ሰውዬ?»

ዴሬ ረጅሙ ማለት ነው። እንዴት ያለ ትክክለኛ ስም እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ።

መልስ ሳልሰጠው ቀይ ዲራ የለበሰች፣ እጇ ላይ ኦቾሎኒ የያዘች ሴት መጣች። ዲራ ታውቃላችሁ፤ ሰፊና ስስ የሆነው የሴቶች ቀሚስ ነው።

«አሚና ኢብራሂም ኑር።»

«ገብተሻል» አላት ጉሌድ።

«መቼ?»

«ቅድም።»

«ምን ለብሼ?»

ጉሌድ አሰበ። «ሰማያዊ።»

«ሰማያዊ አልወድም!»

አሁን መጥፋት ነበረብኝ። እኔ ግን የማውቀውን ብቸኛ ነገር አደረግኩ፤ አስረዳሁ። ስለ ስብስብ ነገርኳቸው። አባል ሲደጋገም እንዴት እንደሚቆጠር በእጄ መዳፍ ላይ በእስክሪብቶ ክብ ሥዬ አሳየኋቸው። አሚና ኦቾሎኒዋን እየፈለፈለች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«እሺ» አለች። «ክቡ ውስጥ የገባችው ሌላዋ ናት። እኔ አሁን የት ነኝ?»

«ውጭ» አልኩ።

«እሱንማ አየሁት።»

ሁለተኛው አብዲ ሀሰን አሊ በዕድሌ ለሰርግ ባቢሌ ሄዶ ቀርቷል። ለሙሽሮቹ አብዝቼ ጸለይኩላቸው። ከዚያ ቀና ስል በመንገዱ ማዶ የሚመጣውን ሰው አየሁ።

አዴር መሐመድ ነበሩ። ጢማቸው ሂና ተቀብቶ እንደ ብርቱካን ያበራል። አዲስ ሽርጥ፣ የተተኮሰ ኮት፣ በእጃቸው ቀጭን ዱላ። የዘበኝነት ተራቸውን ለሌላ ሰው አስይዘው፣ በእግራቸው፣ ቀስ ብለው፣ ኮታቸው አቧራ እንዳይነካው የሚያልፉትን ባጃጆች እየራቁ ይመጣሉ። ፈገግ ብለው ጨበጡኝ።

«መምህር፣ ሰዓት አከበርኩ?»

አከበሩ እንጂ! የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነበር። ሁለት ደቂቃ ቀድመው ነው የመጡት።

ለሌሎቹ ሁለት ያስረዳሁትን ለእሳቸው ማስረዳት አቃተኝ። የነገራቸው ጉሌድ ነው፤ በሶማሊኛ፣ ባጭሩ። አዴር መሐመድ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። በሩን አዩ፤ ግድግዳውን አዩ፤ በግድግዳው ላይ ከፍ ብለው የተቆረጡትን የአየር መግቢያ ቀዳዳዎች አዩ።

«ታዲያ እዚህ እቆማለሁ» አሉ። «ድምፅ ብቻ ከሆነ ለምጄዋለሁ።»

ወደ ጉሌድ ዞርኩ። «ወንድሜ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። እባክህ አስገባቸው።»

ጉሌድ ከኪሱ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ዘረጋው። ድምፁን አጥርቶ አነበበ። «ከዝርዝሩ ውጭ ማንም አይግባ፤ አስተባባሪው ራሱ ቢለምን እንኳ። ይሄ ፊርማ የማን ነው?»

«የእኔ።»

«ቆንጆ ፊርማ ነው።» አጣጥፎ መለሰው።

ሆዳን ጋ ደወልኩ። የውስጡ ጫጫታ ጆሮዬን ሊበሳው ነበር። «አንድ ወንበር ፈልጊልኝ!» ብዬ ጮህኩ።

«የምን ወንበር! የሀርሺኖቹ እንኳ ተጨናንቀዋል። ባዶ ያለው አንድ ብቻ ነው። ከፊት ረድፍ አንደኛው። ስምህ በደማቁ ተጽፎበታል። ቶሎ ና፣ መድረክ ላይ ልትወጣ ነው!»

ስልኩን ዘጋሁ። አንድ ጨዋ ሰው እዚህ ላይ ወዲያው ይወስን ነበር። እኔ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ አሰብኩ። ለአሮጌ ሰው የፊት ረድፍ ድምፅ ጆሮ አይጎዳም ወይ ብዬ አሰብኩ። አስተባባሪ ከሌለ ውስጥ ያሉት ጭብጨባውን በምን ሰዓት ይጀምራሉ ብዬ አሰብኩ። ሰባት ሰዓት ላይ የመጣ ሰው ከዘጠኝ ሰዓት መጪ ጋር እኩል ነው ወይ ብዬም አሰብኩ። አዴር መሐመድ በዚህ መሐል ከቀዳዳዎቹ ሥር ጥሩ ቦታ መርጠው፣ ኮታቸው ግድግዳውን እንዳይነካ በመጠኑ ራቅ ብለው ቆመዋል። ቆባቸውን አስተካከሉ። የሚያያቸው በሌለበት ነው ያስተካከሉት።

እጃቸውን ይዤ በሩ ላይ አቆምኳቸው።

«ተራ ቁጥር አንድ ገብቷል?» አልኩ።

«አልገባም» አለ ጉሌድ።

«ይኸው መጣ።»

ጉሌድ እኔን አየ፤ አዴር መሐመድን አየ። ልጅ ሆኖ የተማረበት ትምህርት ቤት ደወል የሚደወለው በእሳቸው እጅ ነበር። ቢሆንም እስክሪብቶውን አዘጋጀ።

«ስም?»

አዴር መሐመድ ወደ እኔ ዞሩ። ለካ አምስት ወር ሙሉ «መምህር» ሲሉኝ ስሜን አያውቁትም። በጆሯቸው ነገርኳቸው። ስሜን ደህና አድርገው አሉት። የአባቴን ስም ሲሉ ትንሽ ተደናቀፉ። የአያቴንም ያዙ፤ አያቴን ግን እኔም በአካል አላወቅኳቸውም።

«አዴር ሺምቢር» አለ ጉሌድ፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው የደብረ ብርሃን ሰው የሆንከው?»

«ከአሁን ጀምሮ።»

«ስማኝ። ውስጥ አለቆች አሉ። ማንም ስምህን ቢጠይቅህ ይሄንኑ በል። ሌላ ካልክ ነገ ሥራ የለኝም።»

«እኔም ዘበኛ ነኝ» አሉ አዴር መሐመድ፣ ቀጥ ብለው። «አላስበላህም።»

ገቡ።

እኛ ሦስታችን ከቀዳዳዎቹ ሥር ቆምን። ዴሬ ቁመቱ ይበቃዋል፤ ግንባሩን ቀዳዳው ላይ ለጥፎ ያያል። እኔና አሚና የእሱን ጉልበት እናያለን። ውስጥ ጩኸቱ ፈነዳ።

«ወጣች» አለ ዴሬ።

«ምን ትመስላለች?» አለች አሚና።

«አርጅታለች። ዋላሂ ታምራለች።»

«አዴርስ?» አልኩ።

ዴሬ ዓይኑን ወደ ፊት ረድፍ አዞረ። «ቆባቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አድርገዋል። አያጨበጭቡም። ዝም ብለው ያያሉ።»

ዘፈኑ ጀመረ። ድምፁ በቀዳዳዎቹ እየሾለከ መጣ። እኔ ድምፅ በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ እንዴት እንደሚበተን ለአሚና መግለጽ ጀመርኩ።

«መምህር» አለችኝ፣ ኦቾሎኒ እጄ ላይ እያፈሰሰችልኝ። «ይሄን ብላና አንድ ዘፈን ዝም በል።»

በላሁ። ዝም አልኩ። ለካ ዝም ሲባል ሙዚቃ የበለጠ ይሰማል። ይህን ማንም አስረድቶኝ አያውቅም። ሦስት ዘፈን እንዲህ አለፈ፤ ዴሬ አልፎ አልፎ ዜና ያወርድልናል፤ አሚና ታዜማለች፤ እኔ እግሬን በምት ልክ አነቃንቃለሁ፣ ምቱን ስቼ።

አራተኛው ላይ ዴሬ በድንገት በእጁ ትከሻዬን መታኝ። «ወረደች! ከመድረክ ወርዳ ወደ ሰው መጣች!»

«ልታደርገው ነው!» አለች አሚና፣ ኦቾሎኒው ከእጇ ተበተነ። «ስም ልታስገባ ነው!»

የኤዶ ልማዷ ነው። አንድ ቦታ ላይ ሙዚቃውን ታዘገየውና ከፊት ከተቀመጡት ወደ አንዱ ትሄዳለች። ስሙን ትጠይቀዋለች። ከዚያ ስሙን በዘፈኑ ውስጥ ከትታ ለእሱ ትዘፍንለታለች። ሰዎች ይህን ዕድል ለልጅ ልጅ ነው የሚያወሩት።

«አዴር ጋ ቆመች» አለ ዴሬ። ድምፁ ቀጥኗል። «ፊት ለፊታቸው። ማይክራፎኑን ሰጠቻቸው።»

በሶማሊኛ ስማቸውን ስትጠይቃቸው እኔም ገባኝ። አዳራሹ ጸጥ አለ። እኛም ጸጥ አልን። በጸጥታው ውስጥ አዴር መሐመድ ጉሮሯቸውን ሲያጸዱ በድምፅ ማጉያው ተሰማ። መሐመድ ይበሉ፤ ሺምቢር ይበሉ፤ እባክዎ ስምዎን ይበሉ ብዬ በልቤ ለመንኩ።

አዴር መሐመድ ቃል ገብተዋል። ዘበኛ ናቸው። በጠራ ድምፅ፣ የእኔን ስም ከነአባቴ፣ ከነማላውቃቸው አያቴ ተናገሩ።

አዳራሹ ለአንድ አፍታ ግራ ተጋባ፤ የሚያውቃቸው ሁሉ ደግሞ በሳቅ ፈረሰ። ኤዶ ግን ምን ታውቃለች? ስሜን ተቀበለችና አስረዘመችው። አነሳችው፣ አወረደችው፣ ከከበሮው ጋር አስታረቀችው። ጅግጅጋ ውስጥ እስከዚያ ቀን አንድም ሰው በትክክል ጠርቶት የማያውቀው ስሜ፣ በዚያ ድምፅ ውስጥ ገብቶ በየቀዳዳው ወጣ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ሰው ሁሉ ተቀበላት።

«አዴር?» አልኩ።

«እያለቀሱ እየሳቁ ነው» አለ ዴሬ። «ፊቷን በእጃቸው ሊነኩ ምንም አልቀራቸው።»

አራተኛውን ጊዜ ስሜን ስትጠራ በእግሬ ጣቶች ቆምኩ፤ አፌን ወደ ቀዳዳው አቀናሁ፤ ባለኝ ኃይል ሁሉ ጮህኩ።

«አቤት!»

ጉሌድ ከበሩ ሮጦ መጣ፤ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ።

«ዝም በል! አንተ እኮ ውስጥ ነህ!»